ስማቸው ላይ ኮከብ ያለባቸው

«ስምዎ ቤት ለቤት ዝርዝር ውስጥ የለም፣ አባባ። ራስዎ መጥተው ይውሰዱ» አለች ከስልኩ ውስጥ የምትናገረው የመድኃኒት ቤት ልጅ። ድምጿ ደረጃውን ሁሉ ሞልቶታል። ሰፊው አባባ ጆሯቸው ስለከበደ ስልክ የሚያነጋግሩት በድምጽ ማጉያ ነው፤ አየር እንዲገባም በራቸውን ክፍት ያደርጋሉ። ስለዚህ በሕንጻው ውስጥ የእሳቸውን ጉዳይ የማያውቅ ሰው ቢኖር ትናንት የገባ ተከራይ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ አራተኛ ፎቅ ነው ያለሁት። እግሬ እሺ ቢለኝ እናንተን አላስቸግርም ነበር። ስንት ዓመት እያመጣችሁልኝ ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ሲስተሙ ነው የሚለው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሲስተሙን ጥሪልኝና እኔው ላናግረው።»

ልጅቷ ስልኩን ዘጋችባቸው። ይህን ሁሉ ከአምስተኛ ፎቅ ወደ ሥራ እየወረደች የነበረችው ጎረቤታቸው ደረጃው መሐል ቆማ ሰማች። ጆሮዋን ጣል ማድረጓ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን በዚህ ሕንጻ ጆሮን መዝጋት በር ከመዝጋት ይከብዳል። በበራቸው ብቅ ስትል ሰፊው አባባ እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሃያ ዓመት ያልተነካው የስፌት መኪናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ አጠገባቸው ቆሟል። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ያለቀው ከትናንት በስቲያ ነበር። «ስመለስ እኔ አመጣልዎታለሁ» አለቻቸው። «አንቺ ታመጪልኛለሽ፤ እሱን መች አጣሁት» አሉ ባዶውን ብልቃጥ እያሽከረከሩ። «የገረመኝ ሌላ ነው። በአንድ ሌሊት ከሰው ዝርዝር እንዴት ይወጣል?» እሷም ራሷን ነቅንቃ ወረደች። ጥፋተኛዋ ራሷ መሆኗን ገና አላወቀችም።

መሥሪያ ቤት ወንፊት ነው የሚሏት። ስሙ የወጣላት በክፋት አይደለም፤ ከሥራዋ ጋር ስለሄደ ነው። የከተማዋ ሦስት ጤና ጣቢያዎች በአንድ አስተዳደር ሥር ሊሆኑ ነውና የሦስቱም የታካሚ መዝገብ አንድ ላይ መግባት ነበረበት፤ ከመግባቱ በፊት ደግሞ መበጠር። ሥራው «ዳታ ማጽዳት» ይባላል። ሲያወሩት ቀላል፣ ሲሠሩት ራስ የሚያዞር ነገር ነው። አንዱ ስም ከፊቱ ዓይን የማያየው ባዶ ቦታ አለው፤ ኮምፒዩተሩም ያንን ባዶ ቦታ አክብሮ ሌላ ሰው ነው ብሎ ድርቅ ይላል። ሌላው አድራሻ መሐሉ ላይ መስመር ተሰብሮበት ቤቱ ከሰፈሩ ተለያይቷል። አንዳንዱ ስም በሁለት ነጥብ ተከርችሟል፤ አንዳንዱ በጥያቄ ምልክት ተወሯል። ወንፊት በመጀመሪያው ሳምንት ዝባዝንኬውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ስታስወጣ የወ/ሮና የዶ/ር መሐል ላይ ያለችውን ጭረትም አብራ አውጥታ፣ የከተማውን ወይዛዝርት በሙሉ «ወሮ»፣ ሐኪሞቹን ሁሉ «ዶር» አድርጋቸው ነበር። ቢሮው ሳምንት ሙሉ ሲስቅባት ከረመ። ከዚያ ወዲህ ጭረቷን ትታ ሌላውን ሁሉ ታስወጣለች፦ ፊደልና ቁጥር ያልሆነ ነገር ስም ላይ አይቀመጥም። ደንቡ ይህ ነው፤ ደንቡን ያወጣችው ደግሞ ራሷ ናት።

ቤቷ ውስጥ ኩርፊያ የገባውም በዚሁ በደንቧ ሳቢያ ነው። ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ አሁንም አብረው ነው የሚኖሩት። አክስቷ ዳገቱ ላይ ባለው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። ከአሥራ ሰባት ቀን በፊት ዘመድ አዝማድ ምሳ ላይ ተሰብስቦ ሳለ አንዱ ስለ ሥራዋ ጠየቃት፤ ወንፊትም ሰው ሊስቅላት እንደሆነ የገባት ሰው እንደሚያደርገው ከወንበሯ ቀና ብላ «ከሦስቱ ሁሉ ቆሻሻው የዳገቱ ነው። ማን እንደጻፈው እንጃ፣ ስም ላይ ሁሉ ኮተት በትኖበታል» አለች። ቢሮ ውስጥ «ቆሻሻ» ማለት እንደ ደህና ዋልክ ያለ ቃል ነው። ደግሞም ስታወራ በሐሳቧ የነበሩት ካርዱን ወደ ኮምፒዩተር የገለበጡት ወጣቶች እንጂ አክስቷ አልነበረችም። አክስቷ ግን ሳህኗን አንስታ አጥባ ቦታው መለሰችና መኝታ ቤቷ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምታነጋግረው ድመቷን ነው። «ሽንኩርት አልቋል በያት» ትላታለች ድመቷን፤ «ዋጋውም እንደገና ጨምሯል በያት።» ድመቷ መልእክት ማድረስ ስለማትወድ ዓይኗን ትጨፍናለች። ወንፊትም ሽንኩርቱን ገዝታ ትመጣለች።

ቢሮ እንደደረሰች ቦርሳዋን ሳታወርድ የሰፊው አባባን ስም ፈለገች። ባለፈው ሰኞ ለሙከራ ወደ መድኃኒት ቤቱ የተላከው ዝርዝር ላይ ስማቸው ተጣጥቦና ተተኩሶ ተቀምጧል፤ «ቤት ለቤት» የሚለው ዓምድ ግን ባዶ ነው። ቀጥላ ከዳገቱ የመጣውን፣ ገና ወንፊት ያልነካውን ፋይል ከፈተች። ስማቸው እዚያም አለ። ከስማቸው ኋላ ሁለት ኮከቦች ተጣብቀዋል። እነዚያን ኮከቦች ታስታውሳቸዋለች፤ ያወጣቻቸው በአንዲት ትእዛዝ፣ ሻይ እየጠጣች ነበር። አሁን ቁጭ ብላ ቆጠረቻቸው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ስማቸው ላይ ኮከብ አለባቸው፤ ግማሹ አንድ፣ ግማሹ ሁለት። ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ አንዱም ቤት ለቤት ዝርዝር ውስጥ የለም። የሌሎቹ የሁለቱ ጤና ጣቢያዎች ፋይል «ቤት ለቤት» የሚል የራሱ ዓምድ ነበረው፤ የዳገቱ ግን ያለው ኮከብ ብቻ ነው። በአንድ ሌሊት ከሰው ዝርዝር የሚወጣው እንዴት እንደሆነ ገባት። ሰፊው አባባ አንድ ጎረቤት አላቸው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ግን ማን አላቸው?

ቡድን መሪው ከእሷ በዕድሜ ያንሳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰዓት ብቻ ነው የሚያሳድደው፤ ለዚህም በሌለበት «ሰዓት ደረሰ» ይሉታል። የዚያን ቀን ደግሞ ሰዓቱ እውነትም ደርሶ ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዋናው ፋይል ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ፊደል ለመቀየር የሦስት ኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። ወንፊት ነገሩን ስታስረዳው ቆሞ ሰማትና ከመሳቢያው አንድ ወረቀት መዘዘ። ወንዝ ዳር ካለው ጤና ጣቢያ ከፋይሉ ጋር የመጣ ማብራሪያ ነው፤ «ኮከብ ማለት በሞት የተለየ» ይላል።

«ይኸው እኮ» አለ እፎይ ብሎ። «የዳገቶቹም ያው ይሆናላ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም ሟች በያቸውና እንለፍ።»

«አንደኛው ሟች ዛሬ ጠዋት ሲስተሙን ጥሩልኝ ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ» አለችው። «ሁለት ኮከብስ? ሁለቴ የሞተ ነው?»

ሰዓት ደረሰ ሳያስበው ሳቀ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ ሳቁን ዋጠ። ይጠየቅ እንዳይባል ዳገቱ ለእድሳት ተዘግቶ ሠራተኞቹ በየቦታው ተበትነዋል። መድኃኒት ሲያደርስ የኖረው ተላላኪም ጡረታ ወጥቶ ልጁ ጋ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ የጻፈላቸው ስልክ ቁጥር ደግሞ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል። «የሚያውቅ ሰው ካለሽ እስከ አሥር ሰዓት አምጪ» አላት ቡድን መሪው። «ከሌለሽ ግን እንደ ወንዝ ዳሩ ነው የምሞላው። ፋይሉ ባዶ ቦታ አይቀበልም።» ወንፊት የሚያውቅ ሰው ነበራት። ችግሩ ያ ሰው የሚያነጋግረው ድመት ብቻ መሆኑ ነው።

የታካሚ ዝርዝር ከቢሮ ማውጣት ክልክል ስለሆነ በቁራጭ ወረቀት ላይ የሰፊው አባባን ስምና ሁለቱን ኮከቦች ብቻ ጻፈችና በምሳ ሰዓት ታክሲ ያዘች። በእግር ብትሄድ ይሻላት ነበር፤ ታክሲው ሰው እስኪሞላ ሩብ ሰዓት ቆመ። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምትል አዘጋጀች፤ አምስተኛ ፎቅ ስትደርስ ያዘጋጀችው ሁሉ ከትንፋሿ ጋር ጠፋ። ሳሎኑ ከወትሮው ጠበብ ብሎ ታያት። አክስቷ መስኮቱ አጠገብ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ የተቀደደ የትራስ ልብስ ትጠቅማለች። ድመቷ እግሯ ሥር ተጋድማለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን በሌላ ሳህን ተከድኖ ተቀምጧል። ለማን እንደተቀመጠ አይታወቅም እንዳይባል፣ ባለፉት አሥራ ሰባት ቀናት ሁሉ የወንፊት ምሳ እንዲሁ ተከድኖ ነው የሚጠብቃት። የአክስቷ ኩርፊያ አፏን እንጂ እጇን አልያዘውም።

አክስቷ ቀና ሳትል «ይቺ ሴት በሥራ ሰዓት እቤት ምን ትሠራለች በያት» አለቻት ድመቷን።

ወንፊት ወለሉ ላይ ከድመቷ ትይዩ ቁጭ አለችና «ጥፋቷን ይዛ ነው የመጣችው በያት» አለች። ቁራጭ ወረቀቷንም አክስቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠች።

አክስቷ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ወረቀቱን አነሳች፤ አራቀችው፤ አቀረበችው። ስሙን አላነበበችም፤ ጣቷ በቀጥታ የሄደው ወደ ኮከቦቹ ነው። በታች በኩል አንድ መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ ከጎረቤት የውሃ ቧንቧ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ወንፊት ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። እንዲህ ያለውን ዝምታ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ከተነካ ይብሳል።

«ካርዱን የሠራው ሰው ምድር ቤት የሚኖር መሆን አለበት» አለች አክስቷ በመጨረሻ። የተናገረችው ለድመቷም ለወንፊትም ሳይሆን ለወረቀቱ ነበር። «ዕድሜ የሚል ቦታ አለው፤ ሥራ የሚል ቦታ አለው። ደረጃ መውረድ ይችላሉ ወይ የሚል ግን የለውም። ጠርዙ ላይ ጻፍ ሳደርግ ኃላፊው ካርድ አበላሸሽ ብሎ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ስለዚህ እስክሪብቶ እንዳንሸራተተኝ አስመስዬ ስማቸው ጎን ኮከብ ጣል አደረግኩ። መውረድ አይችሉም፣ ውሰድላቸው ማለት ነው። ተላላኪው ገባው። ኃላፊው ደግሞ ሳይገባው ጡረታ ወጣ።»

«ሁለቱስ፣ እትዬ?»

«ሁለቱ ቆይቶ የመጣ ነው። አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ከአልጋዋ እስከ በሯ ስምንት እርምጃ። ስምንቷን እርምጃ በስንት ጊዜ እንደምትጨርሳት እሷና ግድግዳው ያውቃሉ። ተላላኪው አንኳኳ፤ የሚከፍት ሲያጣ የለችም ብሎ ሄደ። ደርሳ ስትከፍት ደረጃው ላይ ማንም የለም። ሦስት ቀን ያለ መድኃኒት ቆየች።» አክስቷ መነጽሯን አወለቀች። «ሁለት ኮከብ ማለት አንኳኳና ጠብቅ፣ እየመጡ ነው ማለት ነው።»

ወንፊት ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ደፋች። ሻይ እየጠጣች ያጠፋችው ያንን ነበር። «እትዬ፣ ያን ቀን ቆሻሻ ያልኩት…» ብላ ጀመረች።

«ሰምቼሻለሁ። ያን ቀንም ሰምቼሻለሁ።» አክስቷ የትራስ ልብሱን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ተነሳች። «ይሄ ዝርዝር ከተጻፈ ስንት ዓመቱ ነው? ብቻሽን ብትሠሪው ያረፈ ሰው ቤት ስታንኳኪ ትውያለሽ። ምሳሽን ብዪና ጫማዬን አምጪልኝ።»

ለአሥራ ሰባት ቀን ቃል ላልሰማ ሰው «ጫማዬን አምጪልኝ» ምን ያህል እንደሚጣፍጥ የማያውቅ ካለ፣ ወንፊትን ይጠይቃት። ምሳውን በሦስት ጉርሻ ጨርሳ ጫማውን በእጇ ጠርጋ አመጣች።

አክስቷ ቢሮው ስትገባ ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለሥራ ቅጥር እንደመጣች ሰው ነበር። ሰዓት ደረሰ ከወንበሩ ተነስቶ ደንብ ሊጠቅስ አፉን ሲከፍት ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «አንተን አውቅሃለሁ» አለች። «ክትባት ፈርተህ እኔ ጠረጴዛ ሥር ገብተህ እናትህ ስትፈልግህ የዋለች ልጅ አይደለህ? ሳላጋልጥህ ብስኩት አብልቼሃለሁ።» ቡድን መሪው ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ከዚያ የራሱን ወንበር እየገፋ አምጥቶ ከወንፊት ወንበር አጠገብ አስቀመጠላት። የጎብኚ ቅጽ አስፈረማት፤ ምስጢር እንድትጠብቅም ሲያስጠነቅቃት «ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን ነው የምትነግረኝ?» አለችው። ቀጥሎ ሰዓቱን አየና ፋይሉን ከፈተላቸው።

ስምንት ተኩል ላይ ጀመሩ። ወንፊት በአክስቷ ምክር ከስሙ ጎን ሁለት ዓምድ አዘጋጀች። የመጀመሪያው ባዶ የነበረው «ቤት ለቤት» ሆነ፤ ሁለተኛውን «በር ላይ ይጠበቁ» አለችው። ከዚያ ስም በስም ወረዱ። አክስቷ ስክሪኑን ማየት ሲያታክታት ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፤ ወንፊት ታነባለች። «እሳቸው ልጃቸው ጋ ገብተዋል፤ አሁን በሩን የሚከፍትላቸው ሰው አለ፤ አንዱን ኮከብ አንሺ። ቀጥዪ። እሷ አርፋለች፤ ባለፈው ክረምት ነው የቀበርናት፤ ነፍስ ይማር። ቀጥዪ። እሱ ውሸታም ነው፤ እግሩ ደህና ነው፤ ግን ሚስቱን ጥሎ መውጣት ስለማይችል ተዪው።» ስልክ የተጻፈላቸውን ሰዓት ደረሰ ራሱ እየደወለ ይጠይቅ ጀመር፤ ከአንዷ አሮጊት ጋር ለመሰነባበት ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። የማያውቋቸው ሠላሳ የሚሆኑ ቀሩ። ቡድን መሪው «እነዚህን ከዝርዝሩ እናውጣቸው?» ሲል አክስቷ ዓይኗን ገለጠች። «እንዳሉ ይቆዩ። ሰው የሌለበት ቤት በከንቱ ማንኳኳት ይሻላል፤ ሰው እያለ ከማለፍ።» እንደዚያው ሆነ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ሲቀረው የመጨረሻው ስም አለቀ። አሁን የቀረው ኮከቦቹን ከስሞቹ ላይ ማውጣት ነው። ወንፊት ትእዛዟን ጻፈች፤ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ግን አልነካችውም። ያን ሥራ በልማድ ብታውቀውም፣ ዛሬ ፈቃድ መጠየቅ እንዳለባት ተሰማት። «እትዬ፣ ላጥፋቸው?» አለች። አክስቷ ኮከቦቹን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ ልጆቿን ትምህርት ቤት በር ላይ እንደምታደርስ እናት። «አጥፊያቸው» አለች። «ሥራቸውን ለሌላ አስረክበዋል።» ቁልፉ ተነካ። ካረፉት በቀር ሰዎቹ ሁሉ ንጹሕ ስም ይዘው፣ ጎናቸው ላይ ለማንም ግልጽ የሆነ ቃል ይዘው ቀሩ። «ጸዳ?» አለች አክስቷ። «ጸዳ፣ እትዬ።» ሰዓት ደረሰ ፋይሉን ቆለፈና ተቀመጠ፤ ወንበሩን አክስቷ ስለያዘችው በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ። አዲሱ ዝርዝር ወዲያው ወደ መድኃኒት ቤቱ ተላከ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ብዙም አላወሩም፤ ግን ዝምታው ሌላ ዓይነት ነበር፤ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት። ሽንኩርት ገዙ፤ ዋጋው እንደገና መጨመሩን አክስቷ ያለ ድመት አማካይነት በቀጥታ ነገረቻት። ደረጃውን በየፎቁ እየተነፈሱ ወጡ። ፀሐይዋ በደረጃው መስኮት በኩል ዘወር ብላ ግድግዳውን ቢጫ አድርጋዋለች። ሦስተኛው ላይ ሊያርፉ ሲቆሙ ከበላያቸው ኮቴ ሰሙና ቀና አሉ። የመድኃኒት ቤቱ ቦርሳ ያነገተች፣ በዚህ ሕንጻ አይተዋት የማያውቋት አድራሽ ሰፊው አባባ በር ላይ ቆማ አንኳኳች። ነፋስ ገፍቶት ይሆናል፣ ሁልጊዜ ክፍት የሚሆነው በር ተዘግቷል። ማንም አልመለሰም።

ወንፊት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ልትወጣና «አሉ፣ እየመጡ ነው» ልትላት ስትል አክስቷ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። ከላይ አድራሿ ለመሄድ ግማሽ እርምጃ ዞር አለች። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት አስቀመጠችና ግድግዳውን ተደገፈች። ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ፤ ቆመ፤ ደግሞ ተሰማ።

«ልንገራት እንዴ?» አለች ወንፊት በሹክሹክታ።

«ተዪያት» አለች አክስቷ። «ተጽፎላታል።»